ከሰቆጣ እስከ ዋገኒንገን

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ደውሎ «ስለ መጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞህ አውራን» ሲለኝ ሳቅሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጣችሁት መካከል አውሮፕላንን እንደ ከተማ አውቶቡስ የለመደ ብዙ ነው። ታዲያ ምን አዲስ ነገር ልነግራችሁ ነው? «የገጠር ልጅ ወግ ሁልጊዜም ያስቃል፤ አንተ ብቻ ና» አሉኝ። እሺ፣ የሚያስቀውን አስቀድሜ ልጨርሰው። ቀጥሎ የማያስቅም አለኝና።

የተወለድሁት ከሰቆጣ ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ጎጥ ነው። ቤታችን የምንናገረው ኽምጣኛ ነበር። አማርኛን የተማርሁት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በኩርኩም ነው። በ1988 ዓ.ም. እዚህ ግቢ ስመጣ ደግሞ ኦሮምኛው፣ ሐረሪኛው፣ ሶማሊኛው ጠበቀኝ። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞዬ ዓለማያ ነው። ያኔ ስሙ ገና ሐረማያ አልተባለም፤ እኛ የዓለማያ ልጆች ነን።

የመጣሁ ዕለት ሐይቁን አየሁ። በዕድሜዬ ያን ያህል ቆሞ የሚውል ውሃ አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር ውሃ ይሮጣል እንጂ አይቆምም። ክረምት ላይ ከተራራው ይወርዳል፣ አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይነጉዳል፤ በማግስቱ እናቶች እንስራ አዝለው ምንጭ ፍለጋ ይወጣሉ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሐይቁ ዳር ቆሜ «ይኼ ሁሉ ውሃ የማነው?» ብዬ ጠየቅሁ አሉ። አንድ የድሬዳዋ ልጅ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ጥያቄ ሲያሾፍብኝ ኖሯል። ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል፣ እየሳቀ ነው።

በ1992 ዓ.ም. ተመርቄ ወደ ዞናችን ተመለስሁና በአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያነት ሠራሁ። ከአራት ዓመት በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘሁ፤ ኔዘርላንድስ፣ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ። የግብርና ሰው ስለሆናችሁ ዋገኒንገን ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ለአባቴ ግን ማስረዳት ነበረብኝ። «በምን ያርሳሉ?» አለኝ። «በትራክተር።» «በሬ የላቸውም?» «አላቸው፤ ለሥጋ ነው።» አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «እንግዲያው ብዙም አትቆይ» አለኝ። ሁለት ፍየል ሸጦ አዲስ አበባ የምሰነብትበትን ሰጠኝ። እናቴ በሶ ፈጭታ፣ የዋግን ነጭ ማር በትንሽ ጀሪካን አሽጋ አስያዘችኝ።

የተነሣሁት በነሐሴ 1996 ዓ.ም. ነው። ከሰቆጣ ኮረም ድረስ ጭቃው አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ ያዘውና ወርደን ገፋን። ከዚያ አላማጣ፣ ወልዲያ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ። ቦሌ ላይ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አየሁና ሰው ሁሉ እንዳለፈ አይቼ፣ ማንም እንዳያየኝ ተጠንቅቄ በእግር ደረጃው ወጣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ምግብ ሲያመጡልኝ ስንት እንደሚከፈል ስላላወቅሁ «ጾመኛ ነኝ» ብዬ መለስሁ። ያውም ፍልሰታ አልፎ ነበር! አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት እናት ገብቷት፣ «ብላ ልጄ፣ ከቲኬቱ ጋር ተከፍሏል» አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

የሚያስቀው ይኼው ነው። ብስክሌት በሃያ ስምንት ዓመቴ ስማርና ስወድቅ የታየውን ለሻይ ሰዓት ላቆየው።

ያረፍንበት ማረፊያ ስኪፖል ይባላል። በኋላ ክፍል ውስጥ እንደተማርሁት ያ ቦታ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ እስከ አራት ሜትር ዝቅ ይላል። ቀድሞ ሃርለመርሜር የሚባል ትልቅ ሐይቅ ነበር። በእንፋሎት የሚሠሩ ሦስት ግዙፍ የውሃ መምጠጫ ጣቢያዎች ተክለው፣ ዓመታት ፈጅተው፣ በ1852 እ.ኤ.አ. ሐይቁን አድርቀው ጨረሱት። ዛሬ የዓለም ሕዝብ በሐይቁ ወለል ላይ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል። እኔ እንግዲህ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከሚገኝ ተራራ ተነሥቼ፣ ከባሕር በታች ወርጄ ነው ትምህርቴን የጀመርሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ አስተማሪ እያንዳንዳችን ስለ አገራችን ዝናብ እንድንናገር ጠየቁን። ተራዬ ሲደርስ «እኛ ዘንድ ዝናብ የለም» አልሁ። «ስንት ነው?» አሉኝ። «በጣም ትንሽ።» «እኮ፣ ስንት?» ባለሙያ ነኝ፣ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ቁጥሩን ሪፖርት ላይ ስንት ጊዜ ገልብጫለሁ፤ ግን በቃሌ አልያዝሁትም። ቁጥሩ የሪፖርት ማሟያ እንጂ የእኔ ዕውቀት ሆኖ አያውቅማ። ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈለግሁት። በዋግ ኽምራ በዓመት የሚዘንበው እንደ ቦታው ከ350 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የእነሱን አየሁ፤ 800 ግድም። እኔ አምስት እጥፍ፣ አሥር እጥፍ ይበልጠናል ብዬ ነበር የማስበው!

እርግጥ ነው፣ እዚህ ያላችሁት መምህራን እንዳታርሙኝ ቶሎ ልናገር፤ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። የእነሱ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል፣ የእኛ በሁለት ወር ተኩል ግፋ ቢል በሦስት ወር ይዘረገፋል። የእነሱ መሬት ለጥ ያለ ነው፣ የእኛ ገደል ነው። የእኛ ፀሐይ ደግሞ የቀረውን ትጠጣዋለች። ቢሆንም ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ዝናብ የለም» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ፣ ስናገር፣ በኋላም በደመወዝ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዝናብማ አለ። የሚመጣውን ማን ይዞ ያስቀምጠው የሚለውን ነበር ያልጠየቅነው።

እዚያ አገር የውሃ ቦርድ የሚባል ነገር አለ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ያረጀ ነው። ራይንላንድ የሚባለው ቦርድ በ1255 እ.ኤ.አ. የተጻፈ የመብት ደብዳቤ አለው፤ በእኛ ሲታሰብ የይኩኖ አምላክ ዘመን ገና ሳይጀምር ማለት ነው። ነዋሪው ለቦርዱ ይመርጣል፤ ግብሩንም ለብቻው ይከፍላል። የቦርዱ ሊቀ መንበር ደይክግራፍ ይባላል። አስተማሪያችን የዚህን ሰው ሥራ ሊያስረዱን ግማሽ ሰዓት ደከሙ፤ ውሃ ማን መቼ እንደሚለቅ፣ ግድቡን ማን እንደሚጠግን፣ ያልጠገነ እንዴት እንደሚቀጣ። የኤስያና የላቲን አሜሪካ ልጆች ይጽፋሉ። እኔ እጄን አወጣሁና «ይህማ የውሃ አባት ነው!» አልሁ። በአማርኛ ነው ያልሁት፣ አምልጦኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ በእኛ አገር በባህላዊ መስኖ ቦይ ተራ የሚያካፍል፣ ቦይ ጥረጋ የሚያስወጣ፣ ያልወጣውን የሚቀጣ፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው አለ። አስተማሪው «ስንት ናቸው? ስንት ሄክታር ያስተዳድራሉ? ማን መዝግቧቸዋል?» አሉኝ። አሁንም መልስ የለኝም።

በዚያው ዓመት አንድ ቀን ከክፍል ጓደኛዬ ኢሜይል ደረሰኝ። ከዚሁ ከሐረር አካባቢ ነው የጻፈው። «ሐይቃችን አለቀ። መሃሉ ላይ ከብት ይሄድበታል» ይላል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርሁ፤ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። እናንተ ሐይቁ ሲያልቅ አጠገቡ የነበራችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ጫቱና አትክልቱ በሞተር ሲጠጣ፣ ሐረር ከተማ ከእሱ ስትቀዳ፣ ከተራራው ደለል ሲገባበት። እኔን ያሳረረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃርለመርሜርን ያደረቁት ሰዎች ላድርቅ ብለው ተነሥተው፣ ጥልቀቱን ለክተው፣ ወጪውን አስልተው ነው ያደረቁት። ዓለማያን ማንም ላድርቅ ብሎ አልተነሣም። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ወሰድን፤ የወሰድነውን ግን ማንም አልደመረም። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ መጀመሩን ዛሬ ጠዋት በዓይኔ አየሁ። ደስታዬን የድሬዳዋው ልጅ ይመስክር፤ እንደገና «የማነው?» ብዬዋለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ልሰበስብ በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሬ መጣሁ። ሥራው መሬት ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ መለካት ነው። ድርብ የብረት ቀለበት መሬት ላይ ትተክላላችሁ፣ ውሃ ትሞላላችሁ፣ በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰረገ ትመዘግባላችሁ። እርከን የተሠራለትንና ያልተሠራለትን ማሳ አወዳድራለሁ። አባቴ ለሦስት ቀን ከሩቅ ቆሞ ሲያየኝ ከረመ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ሲያባራ የበሬ መንጃ ዘንጉን ይዞ መጣና ማሳው ውስጥ ሰካው። አወጣው፣ እርጥቡን በእጁ ለካ። «እዚህ አንድ ስንዝር ገብቷል» አለ። ከካቡ በላይ ያለውን ደግሞ ሰክቶ፣ «እዚህ ሁለት ስንዝር ሊሞላ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ቀለበቴ ዞሮ፣ «አንተስ ስንት አገኘህ?» አለኝ።

ነገርሁት። አቆጣጠራችን ሌላ ቢሆንም ፍርዳችን አንድ ነበር። «ይኼን ልታውቅ ነው ባሕር የተሻገርኸው?» አለና ሳቀ። አባቴ በዚያ ዘንግ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። የምሥር ዓመት ነው ወይስ የገብስ፣ የሚዘራበትን ቀን፣ ሁሉን የሚወስነው በዚያ ነው። እኔ ያን ዘንግ ይዤ በሬ ነድቻለሁ፤ ልኬት መሆኑን ግን በዚያች ቀን ነው ያወቅሁት። ጽሑፌ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አንዲት አንቀጽ፣ ከምዕራፍ ሦስት መጨረሻ።

ስለ ጽሑፉ ይህን ልናዘዝ። አንዱ ቅጂ ዋገኒንገን ቤተ መጻሕፍት አለ። አንዱን ለአንድ መሥሪያ ቤት አስረከብሁ፤ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ከጥቂት ዓመት በኋላ አይቼዋለሁ፣ አልተከፈተም። አንዱ ቤቴ ነው። ለጎጤ ሰው ግን ለዓመታት አንድም ቃል አልነገርሁም። ጥፋቱን በማንም ላይ አላላክክም። ተመልሼ ሰቆጣ እገባለሁ ብዬ ፈርሜ ነበር፤ ግዴታዬን እንደጨረስሁ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁና ሄድሁ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደኔ ናችሁ፤ እንተዋወቃለን።

አሁን ወደ ማያስቀው ልምጣ።

ዋገኒንገን የተከራየሁት ከአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቤት፣ ላይኛው ክፍል ነበር። «በስሜ ብቻ ጥራኝ» አሉኝ። እናቴን የሚያክሉ ሴት በስማቸው ብቻ ከምጠራ ምላሴ ቢታሰር ይሻለኛል። ከስማቸው ፊት «እትዬ» ጨመርሁበት። ትርጉሙን ጠየቁኝና ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «እትዬ ነኝ» ይሉኝ ጀመር። የእናቴን በሶ በማር አሽቼ ሰጠኋቸው፤ ወደዱት። የእነሱን ቀዝቃዛ ምሳ ግን እስከ መጨረሻው አልለመድሁትም።

በመጀመሪያው ማታ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ካርታ አወጣሁና ሰቆጣን አሳየኋቸው። ጣታቸውን ትንሽ ወደ ምሥራቅ አንሸራትተው «ኮረም» አሉ። አጠራሩን ሳይሳሳቱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የተናገረበት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ በዓለም ሁሉ ዞረ። እትዬም ያኔ ማምሻውን ተማሪዎቻቸውን ስለዚያ ምን እንደሚሏቸው ሲያስቡ ማደራቸውን ነገሩኝ። «ኮረምን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው፤ በአውቶቡስ አልፈዋለሁ» አልሁ።

ዋሽቻቸው ነበር። ኮረም የሄድሁት በእግሬ ነው፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር። አባቴ ሁለት ላሞች ይዞ ቀርቶ ነበር፤ ላሞቹም አልቀሩ። ሦስት ቀን ተጓዝን። ስንሄድ ሦስት ነበርን፤ ስንመለስ እናቴና እኔ። ይህን እዚህ ግቢ አራት ዓመት ስኖር ለአንዳችሁም አልነገርኋችሁም። የዋግ ልጅ ስትባሉ መጀመሪያ የሚመጣው ፌዝ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ እትዬ «የተወለድሁበትን ደሴት ላሳይህ» ብለው በመኪናቸው ወደ ዜይላንድ ወሰዱኝ። ኦውወርኬርክ በምትባል መንደር የጎርፍ ቤተ መዘክር አለ። የተሠራው ባሕሩ የበረገደውን የመጨረሻውን ክፍተት ለመድፈን በሰመጡ ግዙፍ የኮንክሪት ሳጥኖች ውስጥ ነው። ጥር 24 ቀን 1945 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ማዕበል ግድቡን ሰበረ። እትዬ ያኔ ልጅ ናቸው። ጣሪያ ላይ ሁለት ሌሊት አድረዋል፤ አክስታቸውና የአክስታቸው ልጅ ግን አልወጡም። ከዚያ በፊት አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የዚያችን ሌሊት የውሃ ከፍታ በመስታወት ዓምድ አሳይተውናል፤ 4 ሜትር ከ55። ከአናቴ በላይ በጣም ርቆ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ያኔ ለእኔ የትምህርት ቁጥር ነበር።

ቤተ መዘክሩ ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር አለ። 1,836። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ነው። በግድም፣ በገደማ አላሉም። «እንዴት እንዲህ እቅጩን አወቃችሁ?» አልኋቸው። እትዬ የነገሩኝን እንደወረደ ልንገራችሁ። በመዝገብ የሰፈሩት 1,835 ነበሩ። በዚያች ሌሊት ደግሞ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ በዚያችው ሌሊት ውሃው ወሰደው። መዝገብ የሚያስገባው ሰው አልነበረም። ቆይተው እሱንም ጨመሩት። ስድስተኛው እሱ ነው።

አንድ የኮንክሪት ግድግዳ አጠገብ ቆመን ነበር። እኔ ያልነገርኋቸውን ነገርኋቸው። እንዴት እንደጀመርሁ አላውቅም። እህቴ ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ ስንት ቀን እንደታመመች፣ እናቴ በነጠላዋ እንደጠቀለለቻት። እትዬ አላለቀሱም፤ ደግ አደረጉ፤ ቢያለቅሱ ኖሮ አቆም ነበር። ሲጨርስልኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ስሟ የት ተጻፈ?»

የ77ቱን ሙታን ጸሐፊዎች ሲያሰሉ አንዱ 400 ሺህ ይላል፣ ሌላው አንድ ሚሊዮን። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። የዋገኒንገን ልጅ ስለሆንሁ የስሕተት ወሰን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እህቴ እዚያ ወሰን ውስጥ ናት፤ ትግባም ትቅርም የሚያውቅ የለም።

በመስከረም 1999 ዓ.ም. አገሬ ገባሁ። እናቴን ያኔውኑ ልጠይቃት አስቤ ነበር። እንግዳ በዛ፣ ከዚያ ሥራ መጣ፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ምክንያት ሞልቷል። የጠየቅኋት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ በ2009 ዓ.ም.፣ ለጥምቀት ሄጄ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ በኽምጣኛ፣ «ያን ጊዜ ከእኛ ጎጥ ስንት ሰው ሞተ?» አልኋት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ፈረንጅ ካልጠየቀህ አትጠይቀኝም ማለት ነው?» አለችኝ። የእትዬን ነገር ፈጽሞ አልነገርኋትም፤ እንዴት እንዳወቀች እግዜር ይወቅ።

ከዚያ ቆጠረች። ከላይኛው ቤት ጀምራ፣ ቁልቁል፣ በር በበር። እኔ ከቦርሳዬ ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ። ዓመተ ምሕረት አታውቅም፤ ቀን ግን ታውቃለች። «እሱ በሚካኤል ማግስት፣ እሷ ለማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ልጆቹ ሁለቱም በአንድ ሌሊት።» ዛሬ ፍርስራሽ የሆነ ቤት ጋ ስትደርስ ከነማድጋው፣ ከነውሻው ስም ትነግረኛለች። አባቴ አልፎ አልፎ ከመደቡ ላይ «የለም፣ እሱ ጨርጨር ላይ ነው የሞተ» እያለ ያርማል። መንገድ ላይ የቀሩትን፣ ኮረም የቀሩትን፣ ለሰፈራ ሄደው ያልተመለሱትን ለየብቻ አስጻፈችኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ነው፤ የሚጠይቅ አላገኘችም እንጂ መዝገቡ ነበር።

እኛ ቤት ጋ ስትደርስ የእህቴን ስም እንደ ሌሎቹ፣ በዚያው ድምፅ ተናገረች። ጻፍሁ። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ ደብተሩ ላይ አለ።

ሊያልቅ ሲል፣ «የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ» አለች። መንገድ ላይ፣ ወደ ኮረም ስንሄድ፣ አንዲት ሴት ወልዳ ነበር። ትዝ ይለኛል፤ ሴቶቹ በነጠላ ከልለዋት እኛን ልጆችን አርቀውናል። ሕፃኑ ለክርስትናው ሳይደርስ ሞተ። «ማን ብዬ ልጻፈው?» አልኋት። «ስም አልወጣለትም።» «እንግዲያው ምን ላድርግ?» «ቁጠረዋ!» አለችኝ፣ ተቆጥታ። አርባ ሰባተኛ አድርጌ ቆጠርሁት።

ዛሬ የሰቆጣን ስም የምትሰሙት ብዙውን ጊዜ በሌላ ነገር ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል፤ በስብሰባ ላይ ስሙ ሲነሣ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ይጨንቀኛል። ከተከዜ ግድብ በኋላ ደግሞ ውሃ የሚሮጥበት አገር ሰው ዓሣ አጥማጅ ሆኗል፤ ቆሮሶ ጠብሰው አብልተውኛል፣ አባቴ ግን ሽታውን አልቻለውም። ደግሞም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አገራችን ላይ አለፈ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን ሰቆጣ ላይ በድንኳን አይቻቸዋለሁ። አንዲት እናት ድንኳኗ ደጃፍ ተቀምጣ ለልጆቿ በጣቷ እየቆጠረች አንድ ነገር ስትነግራቸው ሰማሁ። በኽምጣኛ ነበር። ቆሜ ላዳምጥ አፈርሁ፤ አለፍሁ። አሁን ሳስበው ማለፍ አልነበረብኝም።

ባለፈው ዓመት ጎጤ ሄጄ የመመረቂያ ጽሑፌን ለሰዉ አቀረብሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቼ፣ ዛፍ ሥር፣ በኽምጣኛ። «መሬት ውሃ የመጠጣት አቅሙ» የሚለውን ለመተርጎም ስንተፋተፍ አንድ ሽማግሌ አባቴን ጠቅሰው፣ «የዘንጉን ነገር ነው የሚለው» ብለው ገላገሉኝ። አባቴ አሁን ዓይኑ ደክሟል። ዘንጉን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቶታል። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ ይኸውላችሁ። አርባ ሰባት ሰው አለበት፤ ግማሹ ገጽ ገና ባዶ ነው። በጎጣችን አጠገብ ሌሎች አራት ጎጦች አሉ፤ በሁለቱ ውስጥ የሚያስታውሱ አንድ አንድ አረጋዊ ቀርተዋል፤ ከሁለቱ የወጡት ሰዎች የት እንዳሉ እያጠያየቅሁ ነው። በ77 በሰፈራ ወደ መተከልና ወደ ወለጋ ከሄዱት ቤተሰብ የተወለዳችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ ተነሥተው በኮረም ያለፉ ከመካከላችሁ ካላችሁ፣ በሻይ ሰዓት በዚያ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። እስክሪብቶም ይዣለሁ።